ባሌ ሲነዳ ዓይኔን እጨፍናለሁ

ጤና ይስጥልኝ የዚህ ዓምድ አዘጋጅ፤

ደብረ ብርሃን የምኖር የሁለተኛ ደረጃ የአማርኛ መምህርት ነኝ። የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ባለቤቴ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ የሚመላለስ የሚኒባስ ሹፌር ነው። መኪናው የሱ አይደለም፤ ለባለ ንብረቱ በየቀኑ ገቢ ያስገባል።

ስንተዋወቅ አውቶቡስ ላይ ረዳት ነበር። እኔ ገና ኮሌጅ ነበርኩ። ከመቀመጫው ሥር መጽሐፍ አይጠፋም ነበር። ያዋስኩትን ልቦለድ ሲመልስልኝ በየገጹ መሀል የአውቶቡስ ቲኬት ቁራጭ ተሰክቶበታል። "እነዚህ ምንድን ናቸው?" ስለው "ያስቆሙኝ ቦታዎች ናቸው" አለኝ። እውነቱን ልናገርና ልቤን የወሰደው ያ ነው።

አሁን ያ ሰው የለም። መጽሐፍ ከነካ ዓመታት አልፈዋል። ማታ ቤት ሲገባ እራቱን እየበላ እንኳ ስልኩን አያስቀምጥም። እሱን ችዬዋለሁ። ያልቻልኩት አነዳዱን ነው።

ባለፈው ወር ለቅሶ ለመድረስ በሱ መኪና አዲስ አበባ ሄድን። እኔ ጋቢና ነኝ፣ የ13 ዓመቱ ልጄ ከኋላዬ። ሸኖን እንዳለፍን ስልኩ ጭኑ ላይ ነው፤ አጫጭር ቪዲዮ ይታያል። ከፊታችን የተጫነ አይሱዙ ነበር። ኩርባው ላይ ሊቀድመው ወጣ። ከወዲያ መኪና መጣ። እንዴት እንደገባን አላውቅም፤ የአይሱዙው ሹፌር ፍሬን ባይዝልን ኖሮ ይሄን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። ከኋላ አንዲት እናት "ኧረ በማርያም! ኧረ ልጄ!" ብለው ጮኹ። እሱ ሳቀ። "እማማ አይዞዎት፣ 14 ዓመት ነድቻለሁ" አላቸው። እኔ "ልትጨርሰን ነው እንዴ?" ስለው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ "መሪ ጨብጠሽ የማታውቂ ሴት መንዳት ልታስተምሪኝ ነው?" አለኝ። ልጄ ደግሞ ከኋላ "አባዬ አንበሳ!" አለ። ከሁሉም አንጀቴን የበላኝ ይሄ ነው።

ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ ያለፈ አናወራም። ወደ ድሮው ማንነቱ ቢመልሰው ብዬ አዲስ የወጣ ልቦለድ ገዛሁለት። ቴሌቪዥኑ ሥር አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ክፍል ውስጥም ያው ነው። ተማሪዎቼን አንድ ምዕራፍ አንብባችሁ ኑ ስላቸው ከቴሌግራም ማጠቃለያ ገልብጠው ይመጣሉ፤ አንዳንዶቹ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ አስጽፈው። እኔም ብሆን ሦስት ገጽ ሳልዘልቅ እንቅልፍ ይዞኝ ይሄዳል። ለማን እንደማስተምር ግራ ገብቶኛል።

ልጄ ከአባቱ ጋር እንዳይሄድ ልከልክለው? ለባለ ንብረቱ ልንገር ወይስ በገዛ እጄ እንጀራችንን እዘጋለሁ? ማንበብ ይመልሰዋል ብዬ ማሰቤስ ሞኝነት ይሆን?

ስሜ ይቆይ፤ ከደብረ ብርሃን

ውድ እኅቴ፤

እንኳን ከዚያ ኩርባ በሰላም ወጣችሁ።

ልጁን ላስቀድም፤ ሌላው ጊዜ ይሰጣል፣ ይሄ አይሰጥም። ነገሩ እስኪስተካከል ድረስ ከአባቱ ጋር አይሂድ። ግን እንደ ቅጣት አታውጂው፣ አባትና ልጁንም አታለያዪበት። አባቱ ጋ በሚሄድበት ቀን ሌላ ሥራ ይኑረው፣ በቃ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉ ልጆችንና ወጣቶችን በመግደል አንደኛው የመንገድ አደጋ ነው። ይሄን የጠቀስኩት ላስፈራራሽ ብዬ አይደለም። አንድ ሰው "አጋነንሽው" ሲልሽ ራስሽን እንዳትጠራጠሪ ነው።

"አባዬ አንበሳ" ማለቱ አንጀትሽን ቢበላሽም ልጁ ላይ አትፍረጂ። አባቱን ይወዳል። ምናልባት ፈርቶም ይሆናል፤ በዚያ ዕድሜ ያለ ወንድ ልጅ ፍርሃቱን በጭብጨባ ይሸፍናል። ለብቻችሁ ስትሆኑ "ያን ቀን እኔ ፈርቼ ነበር፤ አንተስ?" በዪው። ከዚያ ዝም በዪ። መልሱ "አልፈራሁም" ከሆነም ተቀበይው፤ ሌላ ቀን ራሱ ያነሳዋል። "አባትህ አጥፍቷል" የሚለውን ግን ካንቺ አፍ አይስማ፤ እሱ ባልሽና አንቺ የምትነጋገሩት ነው።

አሁን ወደ ባልሽ። "14 ዓመት ነድቻለሁ" ያለውን ንቀሽ አትለፊው። ውሸት አይደለም። ችግሩ ያለውም እዚያው ውስጥ ነው።

ኩርባ ላይ ቀድሞ በሰላም ለገባ ሹፌር መንገዱ የሚነግረው "ትችላለህ" ብሎ ነው። በሁለተኛውም ቀን እንደዚያው። በመቶኛውም እንደዚያው። ያን ቀን ያተረፋችሁ የአይሱዙው ሹፌር እግር ነው፤ ፍሬን ያዘ፣ ገባችሁ። ባልሽ ግን በራሱ ብቃት መዝግቦታል። አደገኛ አነዳድ የሚለመደው እንዲህ ነው። ሌሎች ሰዎች እየተጠነቀቁለት፣ ፍሬን እየያዙለት፣ ጠርዝ እየወጡለት ዓመት ያልፋል፤ እሱ ደግሞ በየዓመቱ ይበልጥ ጎበዝ የሆነ ይመስለዋል። ስለዚህ ስትለምኚው "እንዲህ የምታወሪው እስካሁን ምን ደርሶ ነው?" ብሎ የሚጠይቅሽ ከልቡ ነው። ማስረጃ አለው፣ የ14 ዓመት ማስረጃ።

ትዕቢት ነው እንዳትዪ፣ አብዛኞቻችን እንዲሁ ነን። ኦላ ስቬንሰን የሚባል ተመራማሪ በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት አሜሪካና ስዊድን ውስጥ መንዳት የሚችሉ ተማሪዎችን ራሳቸውን ከሌላው ሹፌር ጋር እንዲያወዳድሩ ጠየቀ። ከአሜሪካኖቹ 93 በመቶዎቹ በችሎታ ከመሀለኛው እንበልጣለን አሉ። መቼም ከመቶ ሰው 93ቱ ከመሀል በላይ ሊቆም አይችልም። እኔም ብጠየቅ እበልጣለሁ ነው የምለው። እና "ችሎታ የለህም" ብለሽ ከጀመርሽ ገና ከበሩ ተሸነፍሽ ማለት ነው። ችሎታው ላይ አትግቢ።

ሁለተኛው ገቢው ነው። ሹፌር ሲቸኩል የሚታየው ሌላ ቢያጆ ነው። ግን እስቲ አብረን እናስላው። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጫጫ፣ ሸኖ፣ አለልቱ፣ ሰንዳፋ ውስጥ ልሩጥ ቢልም ባጃጁና ጋሪው አያስሮጠውም። የመንገዱን ግማሽ፣ 65 ኪሎ ሜትሩን፣ እንደ ልቡ ይነዳል እንበል። በ80 ከነዳው 49 ደቂቃ ይወስድበታል። በ100 ከነዳው 39 ደቂቃ። ያተረፈው 10 ደቂቃ ነው። አዲስ አበባ መናኸሪያ ደርሶ ተራ ሲጠብቅ፣ ሰው እስኪሞላ ሲቆም ስንት ይቆማል? እሱን ከኔም ካንቺም በላይ እሱ ያውቃል። ይሄን ስሌት ግን አንቺ አትስሪለት። "ከጫጫ እስከ ሸኖ በፍጥነት ስትሄድና በቀስታ ስትሄድ የምር ስንት ደቂቃ ይለያያል?" ብለሽ ጠይቂውና ራሱ ያስላው። ፍጥነቱ ከ80 ወደ 100 ከፍ ሲል፣ ቢጋጭ ግጭቱ የሚይዘው ጉልበት ከግማሽ በላይ እንደሚጨምርም የሆነ ቀን ጣል አድርጊለት። ፊዚክስ አስተማሪ ጓደኛ ካለሽ ቡና ላይ እሱ ቢያወራው ደግሞ የተሻለ ነው።

እኔ ግን ከደብዳቤሽ ያጣሁት አንድ ነገር አለ። አነዳዱ የተለወጠው መቼ ነው? ድሮም እንዲህ እየነዳ ያላየሽው ከሆነ አንድ ነገር ነው። ከሆነ ጊዜ ወዲህ ከሆነ ግን የሆነ ጊዜ የሆነ ነገር ነበር ማለት ነው። ባለ ንብረቱ ገቢ ጨመረበት? ያልነገረሽ ዕዳ አለበት? ጫት ጀመረ? ለሊት ስንት ሰዓት ይተኛል? በጠዋቱ ቢያጆና በማታው ቢያጆ አነዳዱ ይለያያል? የደከመ ሰውና የተናደደ ሰው ከውጭ ሲታዩ አንድ ዓይነት ይነዳሉ። መላቸው ግን አንድ አይደለም። ረዳቱን በጨዋታ መሀል ብትጠይቂው ሳይደብቅ የሚነግርሽ ይመስለኛል።

ስልኩን ከፍጥነቱ ለይቼ ነው የማየው፣ አንቺም ለይው። በ80 የሚሄድ መኪና በሴኮንድ 22 ሜትር ይሄዳል። ለአምስት ሴኮንድ ጭኑን ካየ ከ110 ሜትር በላይ ሳያይ ነዳ ማለት ነው፣ ከአንድ የኳስ ሜዳ የሚበልጥ። ያውም ሰው ጭኖ። እዚህ ላይ ልምድ አይሠራም። 14 ዓመትም ይንዳ 40 ዓመት፣ ዓይን በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ አያይም። ስልክ እየነካካ የሚነዳ ሰው አደጋ የመድረሱ ዕድል በአራት እጥፍ ገደማ ይጨምራል ይላል ያው የጤና ድርጅቱ። ባልሽ ሊከራከርሽ የማይችለው አንድ ነጥብ ቢኖር ይሄ ነው፤ ስለዚህ ልመናሽን እዚህ ላይ አድርጊ።

ደብዳቤሽን ደግሜ ሳነብ ዓይኔ ቲኬቶቹ ላይ ቀረ። ያ ረዳት የነበረ ልጅ መቼ ነበር የሚያነበው? አውቶቡሱ ሲሮጥ አይመስለኝም፤ ያኔ ሒሳብ ይሰበስባል፣ ዕቃ ያወርዳል። መናኸሪያ ተራ ሲጠብቅ ነው የሚያነበው። ያ የመጠበቂያ ሰዓት ዛሬም አለ። እዚያው አዲስ አበባ ላምበረት መናኸሪያ፣ እዚያው ደብረ ብርሃን። ሰዓቱን ስልኩ ወሰደው። መጀመሪያ የቆመ መኪና ውስጥ ገባ፣ ቆይቶ ወደሚሄደው መኪና ተሻገረ። አንቺን ማታ ሦስት ገጽ ላይ የሚያስተኛሽ፣ ተማሪዎችሽን ማጠቃለያ የሚያስገለብጣቸው ይሄው ነው። አንድ ነገር ላይ ሳይቋረጡ መቆየት ከብዶናል። ገጽም ላይ፣ መንገድም ላይ።

ይሄን ካልኩ በኋላ ግን አስጠነቅቅሻለሁ። ልቦለዱን መድኃኒት አታድርጊው። በ2013 እ.ኤ.አ. ዴቪድ ኪድና ኢማኑኤሌ ካስታኖ "ሳይንስ" በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ጥናት አወጡ። ጥሩ ልቦለድ ለአጭር ጊዜ እንኳ ያነበበ ሰው የሌላውን ሰው ስሜት መረዳት ይቀለዋል የሚል ነው። እኛ አንባቢዎች ጮቤ ረገጥን። በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ደግመው ሲሞክሩት ያው ውጤት አልመጣላቸውም። እኔም ማንበብ ሰውን ደግ ሹፌር ያደርጋል ብዬ አልምልም። ቤታቸው በመጽሐፍ ተሞልቶ ቀለበት መንገድ ላይ የሚያደርጉትን የማውቅላቸው አንድ ሁለት ደራሲዎች አሉ፤ ይቅር።

ስለዚህ ያን መጽሐፍ ከቴሌቪዥኑ ሥር አንሺው። ስትገዢው ስጦታ ነበር፤ እሱ ጋ የደረሰው ግን ከተጣላችሁ በኋላ ነው፣ ወቀሳ ሆኖ። "እንደ ድሮው ሁን" የሚል መጽሐፍ ማን ይከፍታል? አንቺ አንብቢው። ጥሩ ከሆነ እየሳቅሽ ወይም እየተናደድሽ አንብቢው፣ እሱ ባለበት። "ምን ሆንሽ?" ካለሽ ንገሪው። ካላለሽም የራስሽን መጽሐፍ አነበብሽ፣ ምን ጎደለብሽ?

ለመኪናው ግን ሌላ ሐሳብ አለኝ። በ2001 እ.ኤ.አ. የዩታ ዩኒቨርሲቲዎቹ ዴቪድ ስትሬየርና ዊሊያም ጆንስተን ሰዎችን መንዳትን በሚመስል ሥራ ላይ አስቀምጠው ፈተኗቸው። አንዳንዶቹን በስልክ አስወሯቸው፣ ሌሎቹን ሬዲዮና የተቀዳ መጽሐፍ አስደመጧቸው። በስልክ ያወሩት ቀይ ምልክት ሲበራ ካላወሩበት ጊዜ በእጥፍ ገደማ ሳያዩት አለፉ፣ ሲያዩትም ዘግይተው መለሱ፤ ስልኩን በእጅ ያዙትም አልያዙትም ለውጥ አልነበረውም። የሚያዳምጡት ላይ ግን ይሄ አልታየም። ለኔ ነገሩ ግልጽ ነው። በስልክ ያለው ሰው መልስ ይፈልጋል። ትረካ መልስ አይፈልግም፤ አይሱዙ ከመጣ ትተሽው መሪሽን ትይዣለሽ፣ ያመለጠሽ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ለኛ ደግሞ ማዳመጥ እንግዳ ነገር አይደለም። "ፍቅር እስከ መቃብር"ን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ስንቱ ነው መጽሐፉን በእጁ ሳይዝ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ያወቀው! ባልሽም ቢሆን ያኔ በቲኬት ምልክት ያደረገ ሰው ነው፤ ጆሮው ድንጋይ አይሆንም። ትረካ በስልክም በፍላሽም ሞልቷል። አንድ ረዘም ያለ መርጠሽ በፍላሽ ስጪው፤ የሚከፍተውም የሚዘጋውም ረዳቱ ይሁን፣ መኪናው ሳይነሳ። ጭጋግ ሲሆን፣ ከተማ ውስጥ ሲገባ ይጥፋ። ተሳፋሪውም የሚወደው ይመስለኛል። ለማዘናጊያው ቪዲዮ ምትክ እንዲሆን ነው እንጂ እንዲያስተምረው ብለሽ አትስጪው። ስትሰጪውም "ላንተ ይሄ ደስ ይልሃል ብዬ ነው" ከማለት አትለፊ።

አሁን ንግግሩ። መኪና ውስጥ አይሁን፣ ደክሞ በገባበት ማታ አይሁን፣ ልጆች ባሉበትም አይሁን። ሥራ በማይገባበት ቀን ቡና ተፈልቶ፣ ልጆቹ ወጥተው ይሁን። እንዲህ ብትዪስ፦ "ያን ቀን ሰው ፊት ስለተናገርኩህ ከፍቶሃል። እኔም ሰው ፊት በመለስክልኝ ከፍቶኛል። እሱን እንተወው። ግን ያ ኩርባ ማታ ማታ ይመጣብኛል። አንተን ማጣት ነው የምፈራው።" ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ለምኚው። መኪናው ሲንቀሳቀስ ስልኩ ረዳቱ ኪስ ይግባ። ተደወለም አልተደወለ ረዳቱ ያንሳ። ስለ ኩርባው፣ ስለ ፍጥነቱ፣ ስለ ጫቱ በዚያው ቀን አትደርድሪ። ሁለት ነገር ከጠየቅሽው ቀላሉን ይዞ ይከራከርሻል፣ አንዱም አይሆንልሽም።

"አንቺ መሪ ጨብጠሽ አታውቂም" ካለሽ "እውነትህን ነው" በዪና ዝም በዪ። አባባሉ ያስከፋል፤ ሰው ፊት ሚስቱን እንዲህ ማለቱ ልክ አይደለም፣ ሌላ ቀን እሱንም ትነጋገሩበታላችሁ። ግን መሪ ያልጨበጠ ሰውም ይፈራል። ጋቢና የተቀመጠ ሰው ዓይኑ መንገዱ ላይ ብቻ ነው። ያን ቀን ከሹፌሩ በላይ ያየሽው አንቺ ነሽ።

አንቺን ካልሰማ ሹፌር የሚሰማው ሹፌርን ነው። በመስመሩ የሚያከብራቸው፣ ተራ ሲይዝ አጠገባቸው የሚቆም አንድ ሸበቶ ሹፌር አይጠፉም። ቤታቸው ሄደሽ ሳታጋንኚ ያየሽውን ብቻ ንገሪያቸው። በኩርባ ቀድመው የቀሩ ጓደኞቻቸውን በስም እያነሱ ያወሩታል። ያ ከኔም ካንቺም ንግግር ይከብዳል። የሚሰማቸው የንስሐ አባት ካሉትም ያው።

ስለ ተማሪዎችሽ ትንሽ ልበል፤ ባልሽ ሐሳቤን ሁሉ ወሰደው እንጂ እነሱም የሚረሱ አይደሉም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የመጀመሪያውን የአማርኛ ልቦለድ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ሲያሳትሙ ማንበብ የሚችለው ኢትዮጵያዊ ስንት ነበር? ሥነ ጽሑፋችን ገና ሲወለድ ጀምሮ አንባቢው ጥቂት፣ አድማጩ ብዙ ነው። ተረቱም ቅኔውም በጆሮ ነው የኖረው። አንብባችሁ ኑ ማለቱን ለጊዜው ተይውና አንቺ አንብቢላቸው። ከክፍለ ጊዜው አሥር ደቂቃ፣ በሚገባው ድምፅ፣ ስልኮቹ ጠረጴዛሽ ላይ ተደርድረው። ነገሩ ሲግል አቁሚና ወደ ሰዋስው ግቢ። ይጮሁብሽ፣ ደግ ነው። ሲጠይቁሽ መጽሐፉ የትኛው መደርደሪያ እንዳለ ንገሪያቸው። የቤት ሥራም ከሰጠሽ ማጠቃለያ የማይመልሰውን ጠይቂ። "አንተ ብትሆን የትኛውን ዓረፍተ ነገር ትሰርዝ ነበር? ለምን?" በዪ። ከሃምሳ ልጅ አምስቱ የምር ካነበቡ እኔ ደስ ብሎኝ ነው የማድረው። አንቺም ብትሆኚ ቀኑን ሙሉ አስተምረሽ፣ ደብተር አርመሽ፣ እራት ሠርተሽ ሦስት ገጽ ማንበብሽ አያሳፍርም። ብቻ ከእራት በፊት አድርጊው፣ ስልክሽ ሌላ ክፍል ሆኖ።

ባለ ንብረቱን በተመለከተ አሁን አትንገሪ። መጀመሪያ ባልሽ ዕድል ያግኝ። ስልኩን ለረዳቱ ሰጥቶ አንዳንዴ ቢረሳ ቃሉን በላ ማለት አይደለም፤ ልምድ በአንድ ቀን አይለቅም። አንድ ቀን አብረሽው ሂጂና እይ። ነገር ግን ከሳቀብሽ፣ ሸበቶውንም ካልሰማ፣ ስልኩም ጭኑ ላይ ካለ፣ ያኔ ንገሪ። ይሄን ስልሽ ቀላል ነው ብዬ አይደለም። ሥራውን ሊያጣ ይችላል፣ ቤታችሁ ለጊዜው ሊናጋ ይችላል፣ የመምህር ደሞዝ ደግሞ ምን ያህል እንደሚያስኬድ ሁለታችንም እናውቃለን። እያየሽ ግቢበት፤ የሁለት ሦስት ወር ቀለብ ከአሁኑ አስቢ፣ ቤተሰብ መሀል የሚገባ ሽማግሌም አዘጋጂ። ግን ያቺ "ኧረ በማርያም" ያሉት እናት ከመጮህ ሌላ ምንም ማድረግ አይችሉም ነበር። አንቺ ትችያለሽ።

ስትነግሪ ከጀርባው አታድርጊው። "ይሄ ካልተለወጠ ለባለ ንብረቱ እነግራለሁ" ብለሽ አስቀድመሽ ንገሪው፤ ኋላ ከሌላ ሰው ሰምቶ ልቡ እንዳይቆርጥብሽ። ባለ ንብረቱንም "ባሌ አጥፊ ነው" አትበያቸው። "ፍጥነቱን ይቆጣጠሩልኝ፣ ገቢውንም ይዩልኝ" በያቸው። ጂፒኤስ አስገጥመው የመኪናቸውን ፍጥነት የሚከታተሉ ባለ ንብረቶች አሉ። የሚያስሮጠው ገቢው ራሱ ከሆነ ደግሞ እሳቸውም ከጉዳዩ ውስጥ አሉበት፤ ይሄን በትህትና ግን ሳትሸፍኚ ንገሪያቸው።

ከመነጋገራችሁ በፊት ረዳቱን አግኚው። አነዳዱ መቼ ተለወጠ ለሚለው የሰጠሽን መልስ ጻፊልኝ፤ ያን ሳላውቅ ከዚህ በላይ ማለት አልፈልግም።